ስለ እንኳየሁ ሥራና ስለ ክርስትና ስሟ

ለወንድሜ ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ፣
ሐረር።

እንደምን ከርመዋል? ያ በክረምት የሚነሳብዎት የጉልበት ቁርጥማት በሐረር አየር ተሻለዎት ወይስ እዚያም ተከትሎዎት ሄደ? ማኅሌት ቆመው ማደሩንስ ችለውታል? ባለቤትዎ የዓለምወርቅ እንዴት ናት? ልጆቹስ ጤና ናቸው? እኔ እህትዎ ደብሪቱ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ያቀረቡልኝን እቀምሳለሁ፤ ይህን ደህንነት ካሉት ደህና ነኝ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ፣ ወደ ታች እንደሚሰሙት፣ በቅቶኛል።

እጄ ለመጻፍ የዘገየ እንደሆነ ያውቃሉ። አባታችን ዳዊት ያስደገሙን አንድ ላይ ነበር፤ እርስዎ ወደ ቅኔው ሲያልፉ እኔ ወደ እንዝርቴ ተመለስኩ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ደጃፌ ላይ ስትወጣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እጽፈዋለሁ። ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ አላውቅም። ፊደሉ እዚህ ቀጥ ብሎ እዚያ ቢጎብጥ በዚህ ምክንያት ነው።

መርዶው የደረሰኝ ጥር 14 ቀን ሰኞ ማለዳ ነው። ቴሌግራሙ ግን ለካ ጥር 8 ቀን ገብቷል። መርዶ በበዓል አይነገርም ብለው የእኛ ሰዎች ስድስት ቀን አፋቸውን ዘግተው ከረሙ። እኔ ምንም ሳላውቅ በከተራ ታቦት ተከትዬ ወረድኩ፤ በጥምቀት እልል አልኩ፤ በቃና ዘገሊላ ለጎረቤት ሁሉ ስለ ልጄ ሳወራ ዋልኩ። እነሱም እያወቁ ጆሯቸውን ሰጡኝ። የአጎታችን ልጅ አባይነሽ እጄን ይዛ ስታጨበጭብ እንባዋ ሲወርድ አየሁና የደስታ መስሎኝ «ምነው አንቺ፣ ታቦት ባየሽ ቁጥር ማልቀስ ነው?» ብዬ ስቄባታለሁ። እሷም «ዓይኔን አቧራ ገባው» አለችኝ። ስድስት ቀን እንዲያ መሸከም ቀላል አይደለም። አልተቀየምኳቸውም፤ አንድ ጥምቀት ጨምረውልኛል።

ሰኞ በሬን ሲያንኳኩ ስድስት ሰው ሆነው ነው የመጡት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የነጠላውን ጥለት ትከሻቸው ላይ ሳይ ነገሩን ጨረስኩት፤ ከእሷ በቀር ማን ቀርቶኝ ነበርና። እንኳየሁ ጥር 5 ቀን ቅዳሜ በብስክሌት ወደ ሥራዋ ስትሄድ በጉም ውስጥ የጭነት ማኪና ገጫት፤ በዚያው ቦታ አረፈች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እዚያው ዴንማርክ ቀበሯት። እኔ አፈር አላለበስኳትም፤ የተኛችበትንም አላየሁም።

ለእርስዎም መርዶውን በሰማሁበት ቀን ቴሌግራም አስመትተንልዎት ነበር። መልስ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ እርስዎም እንደማውቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ከሰው አፍ የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ የሆነው ሌላ ነው።

እንኳየሁ በ1962 ወደ ዴንማርክ የሄደችው የእንስሳት እርባታ ልትማር እንደሆነ ያውቃሉ፤ መርቀው ሸኝተዋታል። በሄደች በስድስተኛው ወር «እማ፣ የምሠራው በአሳማ ላይ ነው፤ እንዳትደነግጪ» ብላ ጻፈችልኝ። ደነገጥኩ። የቄስ ወልደኢየሱስ የልጅ ልጅ፣ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም የእህት ልጅ፣ እሪያ! ወረቀቱን ከሣጥኔ ግርጌ ከተትኩት።

ነገር ግን የማርያም ማኅበራችን ቀን ደረሰ። የማኅበሩ ሴቶች የእንኳየሁን ደብዳቤ ካልሰሙ ጽዋው አይጣፍጣቸውም። አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። አሳማ የሚለውን ሁሉ በግ እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። «የማጠናቸው በጎች ሠላሳ ናቸው። በየሳምንቱ ከጆሯቸው ሥር ደም እቀዳለሁ። አንዷ በግ ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን አርግዛ ትወልዳለች። ትናንት የወለደችው አሥራ ሁለት ወለደች» አልኩ።

አባይነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ወገራ ላይ በግ ያረባች ሴት ናት። ጽዋዋን አስቀመጠችና «እስቲ ያንን መልሰሽ አንብቢልኝ» አለች። መልሼ አነበብኩ። «ደብሪቱ» አለችኝ፣ «የኔ በግ አምስት ወር ተሸክማ አንድ ትወልዳለች፤ መንታ ከጣለች እልል እላለሁ። ይቺ አራት ወር ሳይሞላት ደርዘን የምታፈሰው ምን ያለች በግ ናት? በግ ያላት ጡት ሁለት ነው፤ የቀሩት አሥሩ የማንን ሊጠቡ ነው?» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም «የፈረንጅ በግ ናት» አልኩ። አባይነሽ ልጄ የላከችልኝን ሹራብ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችና «ይህም የዚያች በግ ጠጉር ነዋ! ምነው ታዲያ አይቆረቁርሽም?» አለች።

ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ማንበብ የምትችል አንዲት ሴት ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችው። ያን ቀን እኔ ከጠጣሁበት በኋላ ዋንጫውን በውኃ ያለቀለቀችው ማን እንደሆነች አልጽፍልዎትም፤ ዛሬ ይቅር ተባብለናል። በእሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ልጄን በራሴ አፍ በበግ ለምድ መሸፈኔ ግን የሚያሳፍር ሥራ እንደሠራች አስመሰላት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ወሬው በማን አፍ ሐረር እንደደረሰ አላውቅም። በሁለት ወር ውስጥ የእርስዎ ደብዳቤ መጣልኝ። «ልጅ አስተማርኩ ትያለሽ። የጠፋው ልጅ እንኳ እሪያ የጠበቀው ርቦት ነው፤ የእኛዋ ጠግባ ጠበቀች። ከእንግዲህ ስሟ በቤቴ አይጠራ» ብለው ነበር። ወረቀቱ ከፊቴ ነው፤ ቃል አልጨመርኩም።

አሁን ሥራዋን ልንገርዎ። ለእኔም የገባኝ ቀስ እያለ ነው። እዚህ ጎንደር አራዳ ከቤቴ አጠገብ ስማቸው የሚባል፣ በጤና ኮሌጁ ደም የሚመረምር ሰው ይኖራል፤ ደብዳቤዎቿን ይዤ እሱ ዘንድ እየሄድኩ ነው የተማርኩት። በሰውም በእንስሳም ደም ውስጥ ሆርሞን የሚሉት ነገር አለ። ስማቸው ሲያስረዳኝ «እማማ ደብሪቱ፣ አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው የሚልከው መልእክተኛ ነው፤ በቅሎው ደሙ ነው» አለኝ። መልእክተኛው ሲበዛ ትእዛዙ ይጸናል፤ ሲያንስ ትእዛዙ ይላላል። የልጄ ሥራ አሳማይቱ ከጸነሰች ጀምሮ ግልገሎቿ እስኪነጠሉ ድረስ የመልእክተኞቹን ብዛት መለካት ነበር። እሪያ መጠበቅ አይደለም።

ፕሮጄስትሮን የሚባል አለ፤ ስሙን ስማቸው ጽፎልኝ ነው የምገለብጠው። አሳማይቱ በጸነሰች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ከፍ ይላል፤ እስከ መውለጃዋም እንዲሁ ይቆያል። ለማኅፀኗ «ያዝ፣ አትልቀቅ» እያለ የሚያዝዘው እሱ ነው። ልትወልድ አንድ ቀን ገደማ ሲቀራት ድንገት ይወርዳል። እሱ ሲወርድ ለምጡም ለወተቱም በር ይከፈታል። ያኔ ፕሮላክቲን የሚባለው ይነሳል፤ ወተት የሚያዝዘው ይኸኛው ነው። ግልገሎቹ በጠቡ መጠን ይጸናል፤ ከእናታቸው ሲነጠሉ በሰዓታት ውስጥ ይከስማል። እናቲቱም ግልገሎቿ ጡቷ ላይ ሳሉ ወንድ አትሻም፤ በተነጠሉ በሳምንት ውስጥ ግን ትፈልጋለች። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የሚጠባ ልጅ ታናሹን እንደሚያዘገየው የወገራ ሴት ሁሉ ታውቃለችና። ይህንኑ ጽፌ ብልክላት «እናንተ የምታውቁትን እኔ በቁጥር እየጻፍኩት ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ሌላም ብዙ ጽፋልኛለች። ግልገሎቹ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሌላውን አይነካም። እናቲቱ በየሰዓቱ ገደማ እያጉረመረመች ትጠራቸዋለች። ወተቱ የሚፈስሰው ግን አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ ግማሽ እስኪደርስ ላለች ጊዜ ብቻ ነው፤ የዘገየ ግልገል እስከሚቀጥለው ጥሪ ጾሙን ይቆያል። ይህን ሳነብ፣ እግዚአብሔር እሪያን ለእኛ እርም ቢያደርጋትም ለልጆቿ ወተት እንዳልነፈጋት፣ ሰዓቱንም እንደ ገዳም ደወል እንዳቆመላት አሰብኩ። እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ ካጠፋሁ ያርሙኝ።

የልጄ ዋና ጥያቄ ግን እስካሁን የጻፍኩት አይደለም። ከአሳማዎቹ አንዳንዶቹ በደህና ወልደው ወተት ያጣሉ። እሷም ወተት ያላትንና የሌላትን፣ የሁለቱን ደም ጎን ለጎን አድርጋ ትለካ ነበር።

እዚህ ላይ ደርሼ ሁለት ቀን አልጻፍኩም። አሁን ልሞክር።

አዘዘን ያስታውሱታል፤ በ1941 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወገራ የወለድኩትን ልጄን። ያኔ እርስዎ ገና ሐረር አልሄዱም። ወተቴ አልመጣ አለ። አብሽ ጠጣሁ፤ አጥሚት ጠጣሁ፤ ጠበል ተረጨሁ፤ ባለቤቴ ዋኘው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የላም ወተት በጥጥ እያንጠባጠበ ሊያጠባው ሞከረ። ልጁ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አረፈ። ከቀብሩ ስንመለስ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «የእናት ኃጢአት ጡት ያደርቃል፤ ንስሐ ግቢ» አሉኝ። በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ፤ ወጣት ነበሩ፤ ሌላ የሚሉት አልነበረዎትም። ንስሐም ገባሁ። ግን ኃጢአቴን ፈልጌ አጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ፈለግሁት፤ ፈትል እየፈተልኩ፣ ቅዳሴ ቆሜ፣ የሌሎች ሴቶች ልጆች ሲጠቡ እያየሁ ፈለግሁት። እንኳየሁ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ቀሚሴን ይዛ ቆማ እንደ ነበር አላስተዋልኩም።

የበጉ ነገር ከተገለጠ በኋላ አፍሬ ለልጄ «ምነው ይህን ሥራ ብትተዪው» ብዬ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝን እገለብጥልዎታለሁ። «እማ፣ አያ ሐብቴ ያኔ በሩ ላይ ያሉሽን ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ለምን እንደሚቀር ሳስብ ነው ያደግሁት። ባለፈው ሳምንት አሥር ግልገል የወለደች አሳማ ወተቷ ደረቀ። ደሟን ለካሁት፤ ወተት የሚያዝዘው መልእክተኛ በሚገባው መጠን አልተነሳም። ለምን እንዳልተነሳ ገና አላወቅንም። ግን እማ፣ አሳማ ኃጢአት የላትም። ያንቺም ወተት በኃጢአት የቀረ አይመስለኝም።»

ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደጃፌ ተቀመጥኩ፤ ፀሐዩ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር አልተነሳሁም። ለሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያላለኝን ነገር ያለችኝ የወለድኳት ልጅ ናት፤ ያወቀችውም ከእሪያ ደም ነው። በሚቀጥለው ማኅበር ተነሥቼ ደብዳቤውን አነበብኩት። አሳማ ያለውን አሳማ አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከሴቶቹ ሁለቱ አለቀሱ፤ እነሱም እንደ እኔ ወተት አጥተው የቀበሩ ናቸው። ያቺ ዋንጫውን ያለቀለቀችው አንዷ ነበረች። አባይነሽ ግን እንደ ልማዷ «እውነቱን ልናገር፣ ይቺ አሳማሽ ከዚያች በግሽ ትሻላለች» አለችና ሁላችንንም እንባችን ላይ አሳቀችን።

አርባዋ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀር ሣጥኗ መጣልኝ። ከውስጡ ልብሷ፣ መጻሕፍቷ፣ አንገቷ ላይ ያሰርኩላት ማዕተብ፣ የመምህሯም ደብዳቤ ነበረ። መምህሯ ዴንማርካዊ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን ጎረቤቴ ስማቸው ተርጉሞ አነበበልኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ደም ሲቀዱ አሳማይቱን በአፍንጫዋ በገመድ አስረው፣ እየጮኸች፣ ሦስት ሰው ሆነው ነው ይላሉ። እንኳየሁ ግን ጎኗን እየደባበሰች ቀስ ብላ በአገሯ ቋንቋ ታናግራታለች፤ አሳማይቱም ጆሮዋን ትሰጣታለች። የምትላትን ቃል ሠራተኞቹም ከእሷ ለምደውት ዛሬ እሷ በሌለችበት እነሱ ይሉታል ብለው መምህሯ ቃሉን በራሳቸው ፊደል ጽፈውታል። ስማቸው ሊያነበው ተቸገረ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረና ቃሉን አወጣው። ቃሉ «አይዞሽ» ነው። በዚያ በረዶ አገር፣ በእሪያ ቤት ውስጥ፣ ፈረንጆች አይዞሽ ይላሉ። ላም ስናልብ የምንላት ቃል ነው፤ ከእኔ የሰማችው ነው።

የታተመ ጽሑፍም አለ፤ አሥር ገጽ ይሆናል፤ ቁጥርና እንደ ተራራ ወጥቶ የሚወርድ መስመር የበዛበት ነው። ስማቸው መስመሩን በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጸነሰች፤ እዚህ ልትወልድ ነው፤ እዚህ አጠባች» አለኝ። ከላይ ስሟ ከመምህሯ ስም ቀድሞ ተጽፏል። በእነሱ ልማድ የአባት ስም ይቀድማልና መጀመሪያ የሚነበበው «ዋኘው» ነው። ዋኘው አሻራውን እንጂ ስሙን በእጁ ጽፎ የማያውቅ ገበሬ ነበር፤ ዛሬ ሊቃውንት የሚያነቡት ወረቀት ራስ ላይ ቆሟል። ይህን ሳይ ሐዘኔን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት ብል ይፈርዱብኛል? ኮርቻለሁ፤ ኩራቴን የምደብቅበት ጓዳ የለኝም።

መቼም የሚጠይቁኝን አውቃለሁና ልመልስ። ሥጋውን አልበላችም። ዓሣና ዳቦ፣ አንዳንዴም ድንች እየበላች ሦስት ዓመት ኖረች፤ ጾሞቹንም እኔ በየዓመቱ ቀኑን እየጻፍኩላት ትጾም ነበር። ማዕተቧም ከአንገቷ አልወረደም፤ እጃቸውን የሚታጠቡበት መድኃኒት ሽታ ሳይለቀው ነው የመጣልኝ። ሀሳቧም እዚያ የተማረችውን ይዛ መጥታ በአገራችን ላሞች ላይ ልትሠራ ነበር። መምህሯ አሳማ የሰጧት ቶሎና ብዙ ስለምትወልድ ጥናቱ ስለሚፋጠን ነው። ይህን የምነግርዎት ግን እንዲምሯት አይደለም፤ ስለ እሷ ሐሰት እንዳያስቡ ነው።

አርባዋ የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀን ላይ ዋለ። ድግሱ ሽሮና ክክ ነበር፤ ሰው ግን ግቢው አልበቃውም። ስማቸው ተነሥቶ የመምህሯን ደብዳቤ በአማርኛ አነበበ፤ የመልእክተኞቹንም ነገር አስረዳ። የንስሐ አባቴ ቄስ ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ቆዩና «ለመሆኑ መልእክተኛው መቼ እንደሚወርድ ማን ነገረው?» ብለው ጠየቁ። ስማቸው «አባታችን፣ እሱን ገና እየፈለጉት ነው» አላቸው። ቄስ ዳኛውም «ይሁና! ልጂቱ መብራት ይዛ ወደ ፈጣሪ ጓዳ ገብታ ነበር፤ ከደጅ ከቆመ ሰው በላይ አይታለች» አሉ። አባይነሽም ደረቷን እየመታች እንዲህ ብላ አወረደችው፦

ሦስት ወር ሦስት ሳምንት ሦስት ቀን ቆጥራ፣
የወተትን መንገድ አገኘች መርምራ።
እናቷን ልትክስ ሄዳ ሰው አገር፣
ወተቱን አግኝታ እሷ ቀረች በአፈር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ሁሉ የዞርኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

«ስሟ በቤቴ አይጠራ» ያሉበትን ደብዳቤ ለእንኳየሁ አልላክሁላትም። እሷ ግን በየደብዳቤዋ «አያ ሐብቴ ምን አሉ? ሥራዬን ነገርሻቸው? ተቆጡ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ፊደል ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት፤ ክርስትና ስትነሳ ስሟን ለቄሱ የነገሯቸውም እርስዎ ነዎት። ከሰው ሁሉ የእርስዎን ቃል ነበር የምትፈልገው። እኔም «ነግሬያቸዋለሁ፤ በርቺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩላት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሰባት ጊዜ። አንዴማ አባታችን ሲመርቁ የሰማሁትን የግእዝ ምርቃት አስታውሼ፣ እርስዎ የላኩት አስመስዬ በእርስዎ ስም ልኬላታለሁ። አሳማውን በግ ያልኩት ለራሴ ክብር ነበር፤ ይኸኛውን ግን ለልጄ ዋሸሁ።

ሰባቱም ደብዳቤዎች ሣጥኗ ውስጥ አሉ። ስድስቱ ደህና ናቸው። ያ ምርቃት ያለበት ግን ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት መታጠፊያው ላይ ተቀዷል፤ እሷም በስተጀርባው ወረቀት ለጥፋ ጠግናዋለች። እርስዎ ባልተናገሩት ቃል ተደግፋ ነው የሠራችው። በስምዎ ስለዋሸሁ ይቅርታ እለምንዎታለሁ። ነገር ግን ዛሬ ብትጠይቀኝ ደግሜ እዋሽላት እንደ ነበር ካልነገርኩዎ ይቅርታው ይቅርታ አይሆንም።

እንግዲህ ውሸቴን እውነት ሊያደርጉልኝ የሚችሉ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰማንያዋ መጋቢት 24 ቀን ሰኞ ይውላል። በጾም ስለሆነ ድግስ የለም፤ ጸሎት ግን አለ። በዚያ ቀን በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ቆመው በራስዎ አፍ በክርስትና ስሟ «ወለተ ሚካኤል» ብለው ይጥሯት። ሥራዋን እንዲያመሰግኑላት አልለምንም፤ ምስጋናውን እኔ ይዤዋለሁ። የአሳማው ነገር ከከበደዎት እሱን ይተዉት። ስሟን ብቻ ይጥሩልኝ። እዚህ ካህናቱ ሁሉ ጠርተዋታል፤ እሷ የጠበቀችው ግን የእርስዎን ድምፅ ነው። ልብ ይበሉ፣ የምጠይቅዎት መልስ እንኳ አይደለም፤ ባይጽፉልኝም ቀኑን አውቀዋለሁና በዚያ ሰዓት እኔም እዚህ እቆማለሁ።

እህቴን የዓለምወርቅን ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ቴሌግራሙ ሲደርስ ጓዳ ገብታ እንዳለቀሰች ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናት። ለልጅዎ ለውድነህ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ወታደር ቤት መግባቱን ሰማሁ፤ ጌታ ይጠብቀው። በዕድሜ የገፉት የዓለምወርቅ እናት ካሉ እጃቸውን ይሳሙልኝ። ለደጁ ጎረቤትም፣ ለማኅበርተኞችዎም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። አባይነሽ «ሐረር በግ አለ ወይ?» ብላ ጠይቂልኝ ብላለች፤ ሰላምታዋ እንደዚህ ነው።

ዓይንዎ ደክሞ ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ጥሩነሽ እንደሆነች የዓለምወርቅ ጽፋልኛለች። እንግዲህ ጥሩነሽ ልጄ፣ እስካሁን ያነበብሽው አንቺ ነሽና እግዚአብሔር ድምፅሽን ይባርክልሽ። እህትሽን እንኳየሁን ስንት ጊዜ እንደጠራሻት አልቆጠርኩም፤ አባትሽም ሰምተው እስከዚህ ካላስቆሙሽ ስሟ በቤታችሁ ተጠርቷል። አሁን የቀረውን ቀስ ብለሽ፣ በጓዳ ላሉትም እንዲሰማ አድርገሽ አንብቢላቸው፦ ይህን የምታነቡና የምትሰሙ ሁሉ፣ በሰው አገር አፈር ለተኛችው ለልጄ ለወለተ ሚካኤል ጸልዩላት፤ ነፍሷን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን፣ በሉ።

እህትዎ ደብሪቱ ወልደኢየሱስ
ጎንደር፣ አራዳ
የካቲት 20 ቀን 1965 ዓ.ም.